ሃያ እርምጃ

መጀመሪያ የተያዩት በጠብ ነው። እሱ የመኪና ፍሬን ዕቃዎች ተፈብርከው ሲወጡ ያጥባል፤ እሷ ደግሞ ከታጠቡት ላይ የብረት ብናኝ ቀርቶ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ትመረምራለች። አንድ ጠዋት ያለ ጓንት ዕቃ ይዞ ወደ እሷ ክፍል ገባ።

«ያንተን እጅ እድፍ ስቆጥር ልዋል እንዴ?» ብላ ጮኸችበት።

«አጥፍቻለሁ፣ ዳኛዬ!» አለና ሳቀ። ሳቁ ቀኑን ሙሉ አብሯት ዋለ።

ዓመት ሳይሞላ የሠርጋቸውን ወር ቆረጡ። እናቱ ገና ሲያዩዋት «ልጄ» አሏት።

አንድ ሰኞ፣ ለናሙና የመጣውን ዕቃ እንደገና አጥባ ያጠበችበትን ፈሳሽ በነጭ ወረቀት አጠለለችው። ወረቀቱን በማይክሮስኮፑ ስታይ አንድ የብረት ስባሪ አንጸባረቀባት። እንዲህ ያለው ፍሬን ውስጥ ከተሰነቀረ ሰው ይገድላል። ሌላ ናሙና ሞከረች፤ ያው ነው። «ታጥቧል» የሚለው ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ የእሱ ነበር።

እጥበት ክፍሉ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ተነሳች፤ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ዓይኑን ካየች እጇ እንደማይታዘዝላት ታውቃለች። ሪፖርቱን ጽፋ በቀጥታ ለኃላፊው ሰጠች።

በማግስቱ ከሥራ ተባረረ። ቀና ብሎ ሳያያት ወጣ።

ማታ እህቱ ደወለች። «እማዬ ቅዳሜ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች። ስንደውልለት እጥበቱን ሳይጨርስ ነው የሮጠው። አልነገረሽም?»

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የእናቱን ጫማ ታቅፎ ተቀምጦ አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳልጨርስ ፈርሜ በመሄዴ አፍሬ። አንቺስ?»

አጠገቡ ተቀመጠች።

«መጻፍሽ ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ከአለቃ አፍ ሰማሁት። ሃያ እርምጃ ከበደሽ?»

«ካየሁህ አልጽፍም ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እኔ ደግሞ ራሴ ወስጄ እሰጥልሽ ነበር። ይህን አለማወቅሽ ነው አንጀቴን የቆረጠው።»

እናቱ ዳኑ። ሠርጉ ግን ሳይነሳ ወሩ አለፈ። እሱ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ፤ እሷም ልትሸኘው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደች።

«ይቅር ብዬሻለሁ እኮ» አላት።

«ታዲያ አትሂድ፤ ቅር።»

ሊስቅ ቃጣውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እጇን ጨብጦ ለቀቃትና ገባ።

የቀረችው እሷ ነበረች።