ቀይዋ መኪና

በላቸው በጌም ቤቱ ጓዳ፣ ከጠረጴዛው ላይ ወድቆ ከተሰባበረው አሮጌ ኮምፒውተሩ አጠገብ፣ በግንባሩ እንደተደፋ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው መዶሻ የጥገና ሠራተኛው የሙሉቀን ነበር። ኢንስፔክተር አማረች ማራኪ ሰፈር ስትደርስ ሙሉቀን በካቴና ታስሮ፣ የሰፈሩም ሰው ፈርዶበት ጨርሶ ነበር።

ከአዲ አርቃይ መጥቶ እዚያው ቤት የሰነበተው የሟች ታላቅ ወንድም፣ አያ ሰጠኝ፣ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምነው ታጓትችዋለሽ? ይኸ ከሆነ የገደለው ንገሪኝ። ደሙን ሳልመልስ አገሬ አልገባም።»

«እሱ ካልሆነስ፣ አያ ሰጠኝ?»

«የሆነውን ንገሪኛ።»

አማረች ፉከራና ቁርጥ ሐሳብ ለይታ ታውቃለች። ይህ ፉከራ አልነበረም። እሷ ከተሳሳተች ሙሉቀን እስር ቤት ቢገባም ባይገባም ይሞታል።

የሟች ሚስት ትርንጎ ከሰዓቱን ጎረቤት ለቅሶ ቤት እንደነበረች ሰው መሰከረላት።

«ጧት ከአዘዞ አንድ ያረጀ የመኪና ጨዋታ አስገልብጦ መጣ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «በሁለቱም ኮምፒውተር ጫነው። በወጣትነቱ ይጫወተው የነበረ ነው፤ እንደ ልጅ ሆነ።»

ሙሉቀን ድምፁ ተዘግቷል። «መዶሻዬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ገመድ ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሰው ፊት ደደብ አለኝ። ጨዋታው በአዲሱ ኮምፒውተር ሲከፈት ቀለሙ ይዘበራረቃል። ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብለውም አልጠበቀም፤ ጓዳ ገብቶ በአሮጌው መጫወት ጀመረ።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የሟች የቅርብ ወዳጅ፣ መምህር ምናለ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ነው።

«ከሰዓቱን ሙሉ እዚህ ከፊት ክፍል፣ በአዲሱ ኮምፒውተር ስጫወት ነበር። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ስለነበር ምንም አልሰማሁም።»

«ጨዋታውን ከዚህ በፊት ያውቁታል?»

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«አላስቸገረዎትም?»

«በፍጹም። እንደተከፈተ ተጫወትኩ፤ ማንም አልነካካውም።»

«በየትኛዋ መኪና?»

«በቀይዋ። ኩርባ ላይ ታንሸራትታለች እንጂ ሸጋ ናት።» ከዚያ ወደ ሙሉቀን ዞር ብሎ፣ «ጎበዝ ልጅ ነበር። ያሳዝናል» አለ።

«ነበር» ማለቱ አማረችን አንገበገባት። ልጁ በሕይወት ቆሞ እያየው ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠችና ጨዋታውን ከፈተች፤ ዘግታ ደግማ ደጋግማ ከፈተችው።

ምናለን ዝም ብላ ወደ ጣቢያ ልትወስደው ትችል ነበር። ግን ንጹሕ ሰው እንዲሞትለት ዝም ያለውን በሰው ፊት ሳታዋርድ መልቀቅ አልሆነላትም። ሁሉንም፣ አያ ሰጠኝንም ጭምር፣ ማሳያው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«እዩት» አለች። ሰማዩ ወይን ጠጅ፣ አስፋልቱ ሮዝ፣ መኪኖቹ በሙሉ የሻገተ አረንጓዴ ነበሩ። «ቀይ ያየ አለ?»

አያ ሰጠኝ ጠጋ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጨዋታው የተሠራው ኮምፒውተር ጥቂት ቀለም ብቻ በሚያሳይበት ዘመን ነው። አዲሱ ዊንዶውስ እነዚያኑ ቀለሞች ይሻማዋል። ሙሉቀን፣ አሳያቸው።»

ካቴናው የተፈታለት ሙሉቀን ከጨዋታው በስተጀርባ የሚሠራውን የዊንዶውስ ገጽ ዘጋ። ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፤ የፊተኛዋ መኪናም ቀላች።

«መምህር፣ ጨዋታው ዛሬ የገባ ነው። ከዛሬ በፊት አላየሁትም አሉኝ። ይህን ማሽን ማንም አልነካካውም አሉኝ። ቀይዋ መኪና የምትታየው ጓዳ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። እሱም ከበላቸው ጋር ወድቆ ተሰብሯል። መኪናዋን ያዩት ሳይሰበር በፊት፣ ከበላቸው ጀርባ ቆመው ነው።»

ምናለ ሸሚዙን አስተካከለ። «‹አዲ አርቃይ ቁልቁለት ላይም እንዲህ ነበር የምከንፈው› ብሎ ሳቀ በላቸው። ወንድሜን አንዳርጋቸውን እዚያ ነው በጭነት መኪና ገጭቶ፣ ነፍሱ ሳይወጣ ጥሎት የሄደው። ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቀ። ወዳጅ የሆንኩት ለዚህ ቀን ነው። ደሜን መለስኩ፤ አይቆጨኝም።»

«ይህ ልጅ ቢሞትልህስ?» አለች አማረች፤ አንቱታውን ተወችው። ካቴናውን ስታጠልቅለት ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

አያ ሰጠኝ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እንግዲህ አንተ ትታሰራለህ፤ እጄ አትገባም። ደሜን የምመልስበት ወንድምህም ሞቷል።»

«ልጄን እንዳትነካ» አለ ምናለ፤ ያ የረጋ ድምፁ ተሰበረ። «እሱ ምንም አያውቅም።»

«ልጅ እንዳለህም አላውቅ ነበር።»

የአማረች ደስታ ጠፋ። አያ ሰጠኝን ጠርታ ይህን ያሰማችው ራሷ ናት። ፖሊሱን ሌላ ካቴና እንዲያመጣ አዘዘችው።

አያ ሰጠኝ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ዘረጋላት።

«እሰሪኝ ልጄ» አላት። «መፈታቴ አይቀር።»