ሁለት ጋራዥ የገባች መኪና

መምህሩ የመኪናቸው መሪ ላይ ተደፍተው፣ ሞተው ነው የተገኙት። ከቤታቸው ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ጫፍ ላይ ያለው የድንጋይ አጥር የአሮጌዋን መኪና ፊት አጨራምቶታል። አስፋልቱ ላይ ፍሬን የተያዘበት ምልክት አልነበረም።

ሰው ሲሞት ጥፋተኛ የሚፈለገው ከመቀበሩ በፊት ነው፤ እዚህም አልዘገየም። መኪናዋን መጨረሻ የነካት «ጭምቱ» የሚሉት መካኒክ ነበርና እሱ ታሰረ፣ ጋራዡም ታሸገ። ሰፈሩም ነፍሰ ገዳይ ብሎት አረፈው። መርማሪዋ ግን ለወሬ አትቸኩልም።

«የባልሽ የገዛ ወንድም መካኒክ ሆኖ ሌላ ጋራዥ ምን ወሰዳቸው?» ብላ የመምህሩን ሚስት ጠየቀች።

«መጀመሪያ ወንድሙ ጋ ይወስዳታል፣ እንዳይከፋው። ከዚያ ተደብቆ ጭምቱ ጋ ወስዶ ያሳያታል። ‹የሥጋ ዘመድ ቢሳሳት ደፍረህ አትናገረውም› ይል ነበር። አፈር ስሆን እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኛል።»

«መኪናዋ ከጭምቱ ጋ ከወጣች ወዲህ፣ እስከ አደጋው ድረስ ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል? እሁድ ከሰዓት ወንድሙ መጣ። ባሌ ጋደም ብሎ ስለነበር ግቢ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። መኪናዋም እዚያው ቆማ ነበር።»

የመምህሩ ታናሽ ወንድም በራሱ ጋራዥ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

«ወንድም ጋሼ እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ጋ? ዛሬ ገና መስማቴ ነው!» ደረቱን ደቃ። «ያ ቀጣፊ የፍሬኑን ማሰሪያ ዳዶ ሳያጠብቅ ነጩን መስመር ቀብቶ ሰደደው እኮ! ‹ጠብቋል› ለማለት!»

መርማሪዋ ቃሉን ደብተሯ ላይ ጻፈች። መኪናዋ ከአደጋው ጀምሮ ሸራ ለብሳ ፖሊስ ግቢ ተቆልፎባታል። ከእሷ በቀር ሸራውን የገለጠ አልነበረም።

ጭምቱን እስር ቤት አገኘችው።

«ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ነጭ መስመር ታሰምርበታለህ?»

«አዎ። ከዳዶው ወደ ታሰረበት ብረት አሰምራለሁ፤ ዳዶው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል።»

«የላላው ዳዶ መስመር ግን ገጥሟል።»

«በቃ፣ ላልቶ ሳለ ቀባው ይሉኛል፤ አለቀልኝ» አለና ግድግዳውን ተደገፈ።

በማግስቱ ሚስትየዋን፣ ታናሽየውንና ጭምቱን ፖሊስ ግቢ ሰበሰበቻቸውና ሸራውን ገለጠች።

«የፍሬን ዘይቱ በዚህች ዳዶ በኩል ፈሶ ነው ያለቀው። ላልታለች፤ መስመሩ ግን እንደምታዩት ገጥሟል። ላልታ ሳለ ተቀብታ ቢሆን ኖሮ፣ ስትጠብቅ መስመሩ ይለያይ ነበር። እስቲ።»

የብሎን መፍቻ አነሳችና አዞረች። ዳዶዋ አንድ ሙሉ ዙር ሄዳ ጥብቅ ስትል ነጩ መስመር እንደገና ገጠመ።

«ስለዚህ የተቀባችው ጠብቃ ሳለ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ልክ አንድ ዙር ፈታት። መስመሩ ገጥሞ እንዲታይና ጥፋቱ በጭምቱ እንዲላከክ። ጭምቱ በራሱ ላይ ማስረጃ አይሠራም። እትዬም የዚህን መስመር ትርጉም አያውቁም።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተስ? ‹ዛሬ ገና ሰማሁ› ያልከው ሰው፣ ሸራ ሥር ያለውን ነጭ መስመር የት አየኸው?»

ታናሽየው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ባለፈው ሰርቪስ ሳደርጋት ነው ያየሁት። በሠራሁት ሁሉ ላይ የሰው፣ የጭምቱ ቀለም! ያስተማረኝ እሱ፣ ጋራዥ የከፈተልኝ እሱ፤ እጄን ግን አላመነም። እሁድ ግቢው ውስጥ የፈታኋት ጭምቱ ይዋረድ ብዬ ነው። ፍሬኑ እምቢ ሲለው ገና ከግቢው ሳይወጣ የሚያውቅ መስሎኝ!»

«እንዳይከፋህ ብሎ እኮ ነው የደበቀህ!» ብላ ሚስትየዋ ጮኸች።

ታናሽየው ግን ዓይኑን ከጭምቱ ላይ አልነቀለም። «ሥራዬን ስንቴ አፈረስከው?»

«አንዴም» አለ ጭምቱ። «የነካኸው ሁሉ ጥብቅ ነበር። እኔ እያየሁ ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት።»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ይሄን ለባሌ ነግረኸዋል?»

ጭምቱ መሬት መሬቱን አየ። «ብነግረው ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል እንዴ?»

መርማሪዋ ካቴናውን ከእሱ እጅ ፈትታ ታናሽየው እጅ ላይ አሰረችው። ጭምቱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ እጁን ለሚስትየዋ ዘረጋላት። ፊቷን አዞረችበት። ሄዳ ከታሰረው የባሏ ወንድም አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አብራው አለቀሰች።