አራተኛዋ አሳታሚ

«ፈገግ በይ እንጂ! ቀብር ላይ ነው እንዴ የቆምሽው?» አላት ፎቶ አንሺው።

ቲራ ከንፈሯን ለጠጥ አደረገች። ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ፣ በመጻሕፍት ዐውደ ርእዩ አዳራሽ፣ በአባቷ በቶርስተንና አሳታሚ ድርጅታቸውን በገዛው ኩባንያ ኃላፊ በክላስ መሀል ቆማለች።

ድርጅቱን ያቋቋመው የአባቷ አያት ነው። ቶርስተን ትምህርት እንደጨረሰ እዚያው ገባ፤ መጀመሪያ መጻሕፍት እየጠቀለለ፣ ቀጥሎ ረቂቅ እያነበበ፣ አባቱ ሲሞት ደግሞ ወንበሩን ወርሶ። ዕድሜውን የፈጀው ግጥም ሲያሳትም ነው። ሰዉ አመሰገነው እንጂ አልገዛውም። በፀደይ ድርጅቱ ተሸጠ፤ ለቶርስተን «አማካሪ» የሚል ስምና መተላለፊያው ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተረፈችው።

ጠዋት ባቡር ውስጥ «ጋዜጠኞቹ ከጠየቁሽ ‹እኔም አሳታሚ እሆናለሁ› በያቸው» ብሏት ነበር። «የሚፈልጉት የቤተሰቡን ስም ነው። አንቺ ካለሽ እኔንም ያቆዩኛል።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልፈልግም።»

«አውቃለሁ። በያቸው ብቻ።»

ክላስ ማይክሮፎኑን ያዘ። ስለ አዲሱ ዘመን ብዙ ካወራ በኋላ «የግጥም መጻሕፍቱ ከእንግዲህ አይቀጥሉም» አለ። ቲራ ወደ አባቷ ዞረች። ነገሩን እሱም ገና አሁን መስማቱ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ከሰዉ ጋር አብሮ አጨበጨበ።

አንጀቷን የበላው ያ ጭብጨባ ነው።

«አንቺስ?» አለቻት አንዲት ጋዜጠኛ። «አራተኛዋ አሳታሚ አንቺ ነሽ?»

«ምን ጥያቄ አለው፣ ደሟ ውስጥ ነው!» ብሎ ሳቀ ክላስ።

«አይ» አለች ቲራ። «አይደለሁም።»

የክላስ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወደ ቶርስተን ጠጋ ብሎ «ሰኞ እንነጋገራለን» አለው። ምን እንደሚነጋገሩ ሁሉም ገብቷቸዋል።

አባትና ልጅ በዝናብ እስከ ትራም መጠበቂያው ድረስ ሄዱ።

«ተናደድክብኝ?»

«እኔንም በአንቺ ዕድሜ ጠይቀውኝ ነበር። አዎ አልኩ።»

«ትፈልግ ነበር?»

«ፈልጌ ይሁን፣ እምቢ ማለት ፈርቼ ይሁን፣ አሁን ለይቼ አላውቀውም።»

ትራሙ መጣ። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ልመለስ፤ ገና ሌላ ፎቶ አለ ብለዋል።»

«ኧረ ተው አባዬ! አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝማ፣ ልጄ።»

አንገቱን ቀብሮ ወደ አዳራሹ አዘገመ። የትራሙ በር ትንሽ ጠበቃት፣ ከዚያ ተዘጋ።

ቲራ ተከትላው ተመለሰች። ፎቶው ውስጥ አልገባችም። እርጥብ ካፖርቱን ተቀብላው፣ እስኪጨርስ ድረስ ከፎቶ አንሺው መብራት ወጣ ብላ ቆመች።