«ካልሆነስ?» የሚለው ቋንቋ

ላይ-ጮቄ ከደመና በላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ ዝናብ የሚያዩት ቁልቁል ነው። ወፍ እንኳ እዚያ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። በሰማይ ገመድ ላይ በሚንሸራተተው ጋሪ የተሳፈረችው ትርሲት ግን የምታስበው የሰሊጥ ፍሬ ስለምታህል ነገር ነበር።

ፍሬዋ «ልሳን» ትባላለች። ምህንድስና የሚጀምር ተማሪ ሁሉ ከጆሮው ጀርባ ያስተክላታል፤ ማሽን የሚያዝባት የመጀመሪያ ቋንቋው እሷ ናት። በላይዋ ሌላ መማር ይቻላል፤ የመጀመሪያዋ ግን አትወጣም፣ አስተሳሰብን እስከ መቃብር ትቀርጻለች። ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ንብ የሚባለው ቋንቋ ወይም ግንድ። ምዝገባው በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ያመለጠው ለከርሞ ነው።

«ንብን ምረጪ አልኩሽ» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት አጎቷ ጋሽ ደምሰው። ሠላሳ ዓመት ገመዱን ጠግነዋል፤ እንደ እሳቸው አባባል የዘረጉትም በጥርሳቸው ነው። «ንብ ካፍሽ ሳይወጣ ይሠራል። ሺህ ሮቦት በአንድ ትንፋሽ!»

«ግንድስ?»

«ያ ጨቅጫቃ? ባዘዝሽው ቁጥር ‹ካልሆነስ?› ይልሻል። መልስ ካላገኘ ንቅንቅ የለም። ያሸበተኝ እሱ ነው።»

ጋሪው ድንገት ቆመ። መስቀለኛው ላይ ከደቡብ የመጣ ሌላ ጋሪ ፊት ለፊት ቆሟል።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ የነትርሲት ጋሪ።

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ» አለ ያኛው።

«እርስዎ ቆመው እኔ? አይደረግም።»

ጋሪዎቹን በንብ ቋንቋ ያስተማሩት መሐንዲሶች ጨዋ ልጆች ስለነበሩ፣ መስቀለኛ ላይ ለሌላው ልቀቁ ብለው አዘዋል። ታላቅ ይቅደም እንዳይባል ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ቀን ነው። ከኋላ አራት መቶ ጋሪ ተሰለፈ፤ አርባ ነው የሚል ካለ አልቆጠረም።

ለስድስት ሃያ ጉዳይ ሆነ።

«ከወንበሩ ሥር የጥገና ሣጥን አለ» አሉ ጋሽ ደምሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቱንም ጋሪ ያዛል። ልሳን ሳይተከልሽም በአፍ ይታዘዛል፤ ግን የሚሰማው ግንድን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ... መነጽሬን ረስቻለሁ።»

መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር።

ትርሲት ሣጥኑን ከፈተች። «ከሩቅ የመጣው ይቅደም» አለችው።

«ካልሆነስ?» አለ ሣጥኑ።

«ርቀታቸው እኩል ከሆነ ዕጣ ይጣል።»

«ካልሆነስ?»

ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለች። ማንም ያላሰበውን እያሰበች ነበር። «ዕጣ የወጣለት እምቢ ካለ፣ ሌላው ሳይለመን ይለፍ።»

«ተቀብያለሁ» አለ ሣጥኑ። ወዲያው ያኛው ጋሪ «እኔ ከቦረና ነኝ» ብሎ አለፈ። በመስኮቱ አንድ ወጣት እጁን አወዛወዘላት፤ ንግግሩን ሁሉ በድምፅ ማጉያው ሰምቶ ኖሯል።

ወጣቱ ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስሙ ሰቦቃ ነው፤ እሱም ተመዝጋቢ። አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

«ያስለቀቅሽን አንቺ ነሽ፣ ቅደሚ» አላት።

«አይሆንም፤ የሩቅ ሰው አንተ ነህ።»

«በሞቴ ቅደሚ።»

«ጋሪ ሆናችሁ እንዴ?» አሉ ጋሽ ደምሰው ከኋላ እያለከለኩ።

ትርሲት በሁለት መዳፏ ገፍታ አስገባችው። ያን ጊዜ ደወሉ ጮኸ። «ሰዓቱ አልቋል» አለ በሩ፣ መዝጋት እየጀመረ። ሰቦቃ ዞሮ ክንዱን መዝጊያው ላይ ጣለ።

«እሷ ካልገባችስ?» ሲል በሩን ጠየቀው።

በሩም የሚሠራው በንብ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። መልስ ሲፈልግ ግማሽ እንደተከፈተ ደርቆ ቀረ። ትርሲት በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

«የመጀመሪያ ቋንቋ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ግንድ» አሉ ሁለቱም እኩል።

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻቸው። የዚያን ዓመት ተማሪ በሙሉ ንብን ነው የመረጠው። «አይወጣም እኮ» አለች እንደ እናት። «ቋንቋው ካልተስማማችሁስ?»

ትርሲት ሳቀች። ግንድ ያን ጭቅጭቅ የለመደው ለልጅ ከሚሳሱ ሰዎች መሆኑ ገባት። ፀጉሯን ወደ ጎን ሰብስባ ጆሮዋን ሰጠች።