ያልተገናኘው የኋላ ካሜራ

ማመን የማይፈልግ ይተወው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ማንም አያስክደኝም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሙያውን የቀሰምኩት ከሟች ባሌ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ጋራዤ ገባ። ሹፌሩ ወረደ።

«እትዬ፣ ባለሙያው የለም?»

«ባለሙያዋን እያናገርካት ነው።»

«ኧረ ባክሽ! ወጥ መስሎሽ እንዳታሳርሪብኝ።»

አብሬው ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው።

አውቀዋለሁ... አምና መጋዘን ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲመልስ ታናሽ እህቴን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ የገደላት እሱ ነው። «አላየኋትም» ብሎ በነፃ ወጣ። ችሎቱ አንድም ቀን አላመለጠኝም። እሱ ግን አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።

አሁን አለቃው አራት ካሜራ አስገጥም ብሎት መጣ። ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከኋላ። የአራቱም ገመድ ጋቢና ድረስ ይሳብና ባለ አራት ማብሪያ ሰሌዳ ላይ ይታሰራል። የተጫንከው ጎን ስክሪኑ ላይ ይመጣል።

ሦስቱን አገናኘሁ።

የኋላውን ሆን ብዬ ተውኩት። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልዬ ከሰሌዳው ሥር አንጠለጠልኩት። ስክሪኑ ሲጨልምበት «ዛሬም አይታይህም?» ልለው ነው። ፊቱን ማየት አማረኝ። እውነቱን ሳላስተፋው አልለቀውም ብያለሁ።

ጋቢና ገባን። እሱ መሪው ጋ፣ እኔ ጎኑ።

«የፊቱን ተጫን።»

በሩ ታየ።

«ቀኙን።»

የጎማ ክምር።

«ግራውን።»

አጥር።

«የኋላውን።»

ተጫነ።

ስክሪኑ በራ...

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገመዱ እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ ያቺን ሴትዮ ከኋላ ዞር በይ በያት እንጂ።»

ስክሪኑ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ሰማያዊ ጋዋን። ጫፉን በነጭ ክር የጠቀምኩላት እኔ ነኝ።

በጎን መስታወት አየሁ። ማንም የለም።

እሱም አየ... ከዚያ ስክሪኑን አየ።

«አጥፊው» አለ በሹክሹክታ።

«አታውቃትም?»

«አጥፊው አልኩሽ!»

«እህቴ ናት። ያን ቀን አይተሃት ነበር?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ማብሪያውን ደጋግሞ ተጫነ።

«አይተሃት ነበር ወይ?!»

«አየኋት... ጥሩምባ ነፋሁ... ትነሳለች ብዬ... ቸኩዬ ነበር።»

ይቺን ቃል ዓመት ሙሉ ጠብቄያታለሁ። አንጀቴን ታርሰዋለች ብዬ ነበር። ጠብ አላለችልኝም።

«ይብላኝልህ» አልኩና ዋናውን ፊውዝ ነቀልኩት።

የማብሪያዎቹ መብራት ጠፋ። የዳሽቦርዱ ሰዓት ጠፋ።

ስክሪኑ አልጠፋም...

እህቴ ሳትዞር እጇን አነሳች። ና ብላ ጠራች።

ከመኪናው ጎን አንድ ሰው እየተጎተተ መጣ። ቡናማ ጃኬት፣ ትከሻው ላይ የተቀደደ። አጠገቧ ደርሶ እሱም ጀርባውን ሰጠን።

ቀስ ብዬ ወደ ጎኔ ዞርኩ።

ሹፌሩ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ቡናማ ጃኬት። ትከሻው የተቀደደ።

«እትዬ... አትተይኝ።»

አፉ ሲንቀሳቀስ አጠገቤ አየሁት።

ድምፁ ግን የመጣው ከመኪናው ኋላ ነው።