ሞተሩ ሲጠፋ ያልጠፋው ፊልም

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ባሮ ዳር ሲመሽ ሴት ትጣራለች ሲሉኝ ጉሮሮዋን ያመማት እንቁራሪት ትሆናለች ብዬ የምስቅ፣ ያላየሁትን ቀርቶ ያየሁትንም መልሼ የምጠራጠር፤ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ይሄ ልጅ ድሮም ነካ ያደርገዋል እንዳትሉኝ።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ያልቆየችበት ነው፣ በየቢሮው በር ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ የሚሰቀልበት፣ ትናንት አብሮን ኳስ ሲራገጥ የነበረ ልጅ ዛሬ ኃላፊ ሆኖ በመኪና የሚያልፍበት፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ እኔ ብቻ የቆምኩ የሚመስለኝ ጊዜ። ግጥም እጽፋለሁ፣ ያስተማረኝም ያነበበልኝም ሰው የለም። የምበላው ግን ገበያው አጠገብ ካለው ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ሥራዬ ማስተርጎም፤ ቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፈረንጆቹ የሚሉትን ጮክ ብዬ በአማርኛ እላለሁ፣ አማርኛው ያልገባው ደግሞ ከጎረቤቱ በአኝዋክኛ ወይ በኑዌርኛ ይቀበለዋል፣ አንዱ ቀልድ አዳራሹን እየዞረ ደጋግሞ ያስቃል። እንግሊዝኛዬ ግማሽ ነው፣ የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ፣ ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ እንዲያውም የሚመጡት ለእሱ ነው።

በዚያ ሰሞን የምናሳየው ስለ ጠንቋዮች የተሠራ ፊልም ነበር፣ ለቴሌቪዥን በርካሽ የተሠራ፣ ንጉሥና ፈረሰኛ በነበረበት በጥንት ዘመን ነው ይላል፣ ግንቡ ግን ፈረሰኛው ሲደገፈው ይወዛወዛል፣ የአንዱ ወታደር ክንድ ላይ ሰዓት ያሠረበት ነጭ ምልክት ይታያል፣ ጦር ሠራዊት የሚባለውም ያው ጥቂት ሰው ነው ቆብ እየቀያየረ። ፊልሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት ጠንቋይ አለች፣ ውኃ የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ አጎንብሳ ረጅም ነገር ታጉረመርማለች። ምን እንደምትል አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፣ ስለዚህ እዚያ ስንደርስ የራሴን ግጥም እላለሁ። ግጥሜን ሰው ጸጥ ብሎ የሰማኝ በእሷ አፍ ብቻ ነው።

ለቴሌቪዥኑ መብራት የሚሰጠውን ሞተር የሚያስነሳው አኝዋኩ ጓደኛዬ ኦሞድ ነበር። ነገሩ በሆነ ማግስት ጠዋት ሁለታችንም ወደ ዲማ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፍረን ወርቅ ልንቆፍር ተስማምተናል፣ ቦርሳዬን አዘጋጅቻለሁ። ችግሩ የኦሞድ ታላቅ ወንድም ከዚያ በፊት ዲማ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል፣ እህታቸው አቻን ደግሞ ሁለተኛ ወንድሟን ለዚያ ቦታ ላለመስጠት ቆርጣ ተነስታለች። ያን ቀን ፀሐይ ገና ማንጎዎቹ ላይ ሳለች ከመዝሙር ልምምድ በቀጥታ መጥታ የቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"ወንድሜን የምትወስደው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"እሱ ነው እኔን የሚወስደኝ።"

"አንተ ውሸት ተናግረህ ትበላለህ። እሱ ግን ያንተን ውሸት ያምናል።"

ኦሞድ ከሞተሩ አጠገብ ሆኖ ሳቀ። "እህቴ፣ ግቢና እይ። ጠንቋዮቹ አይነኩሽም፣ ካርቶን ናቸው።"

"ጠንቋይ ለማየት አልመጣሁም፣ አንተን ልጠብቅ ነው" አለችና ገብታ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ የመዝሙር መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ።

ፊልሙ ተጀመረ። መስኮቶቹ በጆንያ ስለሚሸፈኑ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ትንሽ እንደሄድን ከሞተሩ ጩኸት ሥር አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ ውኃ ላይ መቅዘፊያ ሲያርፍ፣ ሲነሳ፣ ሲያርፍ፤ ፊልሙ ውስጥ ደግሞ ወንዝ የለም። ካሴቱ አርጅቷል አልኩና ቀጠልኩ።

አሮጊቷ ጋ ስንደርስ ሞተሩ አስሎ አስሎ ዝም አለ። ማራገቢያው እየዘገየ ቆመ፣ አምፖሏ ጠፋች፣ ሰው እንደ ልማዱ ሊያፏጭ አፉን አሞጥሙጦ ሳያፏጭ ቀረ። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም። ኦሞድ ሞተሩን የሚያስነሳበትን ገመድ እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ ብሎ "ነዳጅ አል..." ካለ በኋላ ስክሪኑን ሲያይ ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ።

ያን ፊልም ያለ ሞተር ጩኸት ሰምቼው አላውቅም። መቅዘፊያው አሁን ግልጽ ሆኖ ይሰማል፣ ቀስ እያለ፣ ወደ እኛ የሚቀርብ። አሮጊቷ ቀና አለች። እመኑኝ፣ ፊልሙን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቀና ብላ አታውቅም። ከንፈሯን ገጥማ ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ጥግ አዞረች፣ ወደ ተመልካቹ አይደለም፣ በርጩማ ላይ ወደ ተቀመጥኩት ወደ እኔ፣ ተራው ያንተ ነው እንደሚል ሰው።

እኔም የለመድኩትን ግጥም አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ እኔ እስከማውቀው በአማርኛ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ቃሌን ተከትሎ የሚነሳው የማስተርጎም ሹክሹክታ አልተነሳም። አኝዋኮቹ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ያዳምጣሉ፣ የቀሩት ናቸው እርስ በርስ "ምን አለ?" የሚባባሉት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ደገኛ ልብስ ሰፊ ደግሞ "አንተ ልጅ፣ ለእኛም በአማርኛ በልልን እንጂ" አለኝ።

ያን ጊዜ አኝዋክኛዬ ከሰላምታና ዓሣ ከመግዛት አያልፍም ነበር።

ስክሪኑ ጠፋ። አቻን ስትነሳ መጽሐፏ ወደቀ፣ አላነሳችውም፣ ኦሞድን ክንዱን ይዛ ወጣች፣ ሲከራከራት የሰነበተው ሰው ገመዱን እንደያዘ ተከተላት።

ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፣ አይሱዙው ገበያው ጋ ጥሩምባውን ይነፋል። ኦሞድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"መኪናው ሊሄድ ነው" አልኩት።

"ይሂድ።"

"ትናንት ምን አልኩ?"

የማሾፍበት መስሎት አየኝ። "አታውቅም?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያ እኔም አልነግርህም። የእኔን ስም ጠራህ፣ ቀጥለህ የራስህን። አንተም አትሂድ።"

አልሄድኩም። መኪናው ደህና ገባ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው ክፉ አልነካውም፣ ተመልሰው የቆርቆሮ ቤት የሠሩ አሉ፣ እኔም አንዳንዴ በመንገድ ሳያቸው ለምን እንደቀረሁ ራሴን እጠይቃለሁ። ካሴቱን በሙሉ ነዳጅ ደግሜ አይቼዋለሁ፣ አሮጊቷ ቀና አትልም፣ መቅዘፊያም የለም።

አኝዋክኛ ለመድኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ለዚያ ጥያቄ ብቻ ብዬ ነው የለመድኩት። ይበቃኛል ስል አቻን ዘንድ ሄጄ በራሷ ቋንቋ ጠየቅኋት።

"አሁን ጥሩ ትናገራለህ" አለችኝ። "ያን ቀን ግን ከዚህ ይበልጥ ነበር። ያን ቀን የምትናገረው እንደ ታላቅ ወንድማችን ነበር፣ 'ረ' ስትል እንኳ እንደ እሱ።"

"ምን አልኩ ታዲያ?"

"ከዚህ የምትሄድ ቀን ና፣ እነግርሃለሁ።"

ይኸው፣ አይሱዙዎቹ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ቦርሳዬ አልጋው ሥር ነው፣ አልፈታሁትም። ግጥም እጽፋለሁ፣ ሰው አንብብልን ሲለኝም አነባለሁ፣ ግን ከወረቀቱ ይልቅ የማየው የሰዎቹን ፊት ነው፣ ማን "ምን አለ?" ብሎ ወደ ጎረቤቱ እንደሚዞር።