የተቋጨው የካርድ ሳጥን

አቶ ለገሰ በስደት በሚኖሩባት በታከር ከተማ፣ ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፉ ሞተው የተገኙት በነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። ጣቶቻቸው ላይ ሙጫ ደርቋል። ዓርብ የፍቅረኞች ቀን ስለሆነ፣ የልጅ ልጃቸው ሚካኤላ የክፍል ጓደኞቿ ካርድ የሚከቱላት ሳጥን ያስፈልጋታል። እሳቸውም የጫማ ካርቶን ቀይ ወረቀት ሲያለብሱ ሰንብተዋል። ሳጥኑ በወርቃማ ሪባን ታስሮ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ የካውንቲው መርማሪ ኑሃሚን መጣች። ከሰው ፊት ይልቅ እጁን የምታይ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ሟቹን የገደላቸው የስኳር መውረድ መሆኑን ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ እሱን ግን በሆዷ ያዘችው።

ልጃቸው ቅድስት ዓይኗ አብጧል። ከሥራ ለምሳ መጥታ ኢንሱሊን የወጋቻቸው እሷ ናት።

«ዶዙን ቼክ አድርጌ ነው የወጋሁት። ሳንድዊቹንም ፊቱ አስቀምጬ ነው የሄድኩት። ተሳስቼ ይሆን? አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ባሏ ተስፋዬ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ሮዝዌል ከተማ ቤት እንግዛ ብሎ አማቹ እምቢ ስላሉት ተኮራርፈው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነቅቶ አማቹን ሰላም ሳይል አልፎ ኩሽና ገባ፤ የሳንድዊቹን ባዶ ሳህን አጥቦ ተመልሶ ተኛ። የሟቹ እህት ወይዘሮ ተናኘወርቅ በበኩላቸው ቀኑን ሙሉ ከክፍሌ አልወጣሁም አሉ።

ቤቱ ያስፈራል። ሚካኤላ ሳጥኑን ስታነሣው ውስጡ የሆነ ነገር ተንከባሎ «ግራንድፓ ውስጡ አለ» ብላ ጮኻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ብቻውን የሚያልፍ የለም። ተናኘወርቅም አማትበው፣ ማንም እንዳይነካው አዘዋል። ኑሃሚን ግን ሙት ካርቶን ውስጥ ሲያድር ሰምታ አታውቅም። ሳጥኑን ወዘወዘችው፤ ሪባኑንም አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«አቶ ለገሰ ሲሞቱ ሆዳቸው ባዶ ነበር» አለች።

ሪባኑን ፈታች። በፎይል የተጠቀለለው ሳንድዊች ሳይነካ ወጣ። ቅድስት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ኑሃሚን ቀስ ብላ አስረዳች። ሐኪማቸው አይጹሙ ብሏቸዋል፤ የነፍስ አባታቸውም ከጾም አሰናብተዋቸዋል። እሳቸው ግን በድብቅ ጾሙ። ልጃቸው እንዳትጠረጥር መርፌውን ተወጉ፣ ምግቡን ደበቁ። ስለዚህ የቅድስት እጅ አልተሳሳተም።

«ሳጥኑን የዘጋው ግን ሌላ ሰው ነው። የሳቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወረቀቱ ሁሉ ተጨማዶ ነው የተለጠፈው። ይህ ሪባን ግን ጫፉ ተተልትሎ፣ እንደ ጋቢ ዘርፍ አምሮ ተቋጭቷል። እማማ ተናኘወርቅ፣ እዚህ ቤት መቋጨት የሚያውቀው ማነው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው አንድ ሌሊት አደረ።

«ወንድሜ መጾሙን ለማንም እንዳልናገር በእመቤቴ አስማለኝ» አሉ ተናኘወርቅ። «ተስፋዬ ሲነቃ ሰማንና ሳንድዊቹን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ክፍሌ ይዤው ገባሁ፤ ማታ አውጥቼ ልጥለው ነበር። ሪባኑን ስቋጭ ጠራኝ። አንድ ጎን ቀርቶኝ ነበርና መጣሁ አልኩት። ስወጣ ተደፍቷል። የተኛ መስሎኝ ሳጥኑን አጠገቡ አስቀምጬ፣ እንዳይነቃ በጣቴ እየሄድኩ ተመለስኩ።»

ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። ቅድስት ወደ አክስቷ ዞረች።

«ሌሊቱን ሙሉ አባቴን ገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ፣ ጀርባዬን ሲያሻሹኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ቅድስት ከአጠገባቸው ተነሥታ ወንበሯን ከጠረጴዛው ማዶ ወሰደችው።